ክብረ ነገሥትን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ማንበብ

ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ሞጆ ከረምኩ። ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ አንድ የትራንዚት ድርጅት ኮንቴይነሮቹን የሚከታተልበት ሲስተም እንድሠራለት ቀጥሮኝ ነው የሄድኩት። ደረቅ ወደብ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባሕር የሌለው ወደብ ነው። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ የብረት ሣጥን በከባድ መኪናና በባቡር መጥቶ፣ ከአዲስ አበባ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። ሣጥኑን ከፍቶ ከሚያየው ሰው ይልቅ ወረቀቱን የሚያየው ይበዛል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለው ቁጥርና በሩ ላይ ያለው ማሸጊያ ከተመሳሰሉ፣ ውስጡ ያለው ዕቃ የተባለው ዕቃ ነው ተብሎ ይታመናል።

በዚህ ሥራ ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው በመጠበቅ ነው። ሰነድ ይጠበቃል፣ መኪና ይጠበቃል፣ ክፍያ ይጠበቃል። እኔ ስጠብቅ ክብረ ነገሥትን አነበብኩ።

ለምርምር ብዬ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። አንድ ቀን አዳማ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ወሬ ተነሣ። እኔ ከ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተነሥቼ ያላየሁት ዶክመንተሪ የለም፤ ስለዚህ በቃሌ ተረክሁላቸው። ፕላንታጀኔቶች እ.ኤ.አ. በ1154 በሄንሪ 2ኛ ይጀምራሉ። በ1485 ሪቻርድ 3ኛ ቦዝወርዝ ላይ ሲገደል ያበቃሉ። አሸናፊው ሄንሪ ቱዶር ንግሥናውን ከጦርነቱ አንድ ቀን ቀደም አድርጎ አስቆጠረ። በዚህች አንድ ቀን ምክንያት ለሪቻርድ የተዋጋ ሁሉ በንጉሡ ላይ ያመፀ ከሃዲ ሆነ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሰውዬው ኮሚቱን ባክዴት አደረገው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የሄንሪ የልጅ ልጅ ኤልሳቤጥ በዙፋን ላይ እያለች፣ ሼክስፒር ሪቻርድን ጎባጣና እጀ ሽባ አድርጎ መድረክ ላይ አወጣው። በ2012 የሪቻርድ አፅም ሌስተር ከተማ ውስጥ ከአንድ መኪና ማቆሚያ ሥር ሲገኝ፣ አከርካሪው እውነትም ጠማማ ነበር። እጁ ግን ደህና።

ይኼን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ አንዷ ጓደኛችን ቡናዋን እየጠጣች ጠየቀችኝ፦ «የዛጔ የመጨረሻው ንጉሥ ማን ይባላል?»

ዝም አልኩ። መኪና ማቆሚያ ሥር የተቀበረውን የባዕድ ንጉሥ አከርካሪ አውቃለሁ፤ የላስታውን ስም አላውቅም። መልሱ ይትባረክ ነው።

ስለ ዛጔ በትምህርት ቤት የቀረልኝ ነገር ሁለት ገጽ አይሞላም። የአክሱም መንግሥት ይዳከማል፤ በትውፊቱ መራ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ሰው የመጨረሻውን የአክሱም ንጉሥ የድል ናኦድን ልጅ አግብቶ መንግሥቱን ይወስዳል። መናገሻው ላስታ ይሆናል። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሐርቤ፣ ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ መጥቶ ይትባረክን ያስወግድና «ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ተመለሰ» ይባላል። አለቀ።

ስንት ዓመት ነገሡ? አንዱ ቆጠራ 333 ይላል፤ ሌላው 133 ይላል። ፕላንታጀኔቶች የነገሡት 331 ዓመት ነው፤ የእያንዳንዳቸው የንግሥና ዘመን ይታወቃል። እኛ ጋ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ይግባ ይውጣ አልተወሰነም። ዳታቤዝ ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት ባገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ የጻፈው ማነው?

ስለዚህ ክብረ ነገሥትን ስከፍት ወንጀለኛ ፍለጋ ነበር የከፈትኩት። አሸናፊዎቹ የጻፉት የአሸናፊ መጽሐፍ ነው ብዬ ደምድሜ ነው የጀመርኩት። መጽሐፉ ግን እንደዚያ በቀላሉ የሚያዝ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንደኛ፣ ታሪኩ ያዝ ያደርጋል። 117 ምዕራፍ ነው፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ስለ ነገሥታት ክብር ሲነጋገሩ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ከአዳም እየተነሣ ረዘም ይላል፤ እዚያ ጋ ብትሰለቹ አልፈርድባችሁም። ከዚያ ግን ታምሪን ይመጣል። ታምሪን ነጋዴ ነው። 520 ግመል የሚጭን፣ 73 መርከብ ያለው ነጋዴ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ቀይ ወርቅና ነቀዝ የማይበላው ጥቁር እንጨት የሚያቀርብለት እሱ ነው። ሲመለስ ለንግሥቲቱ ለማክዳ ያየውን በየቀኑ ይነግራታል፤ እሷም ልቧ ይነሣል። ሞጆ ቁጭ ብዬ ይኼን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የኢትዮጵያ ነገሥታት የዘር ሐረግ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ አስመጪና ላኪ ወሬ ላይ ነው! መልአክም ነቢይም አይደለም ያስጀመረው፤ ጭነት አድርሶ የተመለሰ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ የውኃው ትዕይንት አለ። ሰሎሞን ማክዳን ከቤቱ ምንም ነገር እንዳትወስድ ያስምላታል፤ እራቷን ግን ቅመም የበዛበትና ውኃ የሚያስጠማ ያደርገዋል። ሌሊት ተነሥታ ውኃ ስትጠጣ ይይዛታል። ከውኃ የሚበልጥ ሀብት በምድር ላይ የለም ብሎ ይከራከራታል፤ መሐላዋን አፈረሰች ይላል። ይኼን ብዙ ሰው እንደ ብልሃት ነው የሚተርከው። እኔ ሳነበው ወጥመድ ሆኖ ነው የታየኝ። መጽሐፉም ጥማቷን እንጂ ስስቷን አይነግረንም። የውሉ አንቀጽ የተጻፈው እንድትጥሰው ተብሎ ነው። ውል አንብቦ የሚያውቅ ሰው ይኼን ወዲያው ይለየዋል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ነው፤ የታቦቱ ነገር። የማክዳ ልጅ ምኒልክ አባቱን አይቶ ሲመለስ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ አብሮት ይሄዳል። አዛርያስ በታቦተ ጽዮን ልክ ጣውላ ያሠራል፤ ሌሊት ታቦቷን ያወጣል፤ ጣውላውን በቦታዋ አስቀምጦ በመሸፈኛዋ ይሸፍነዋል። ከውጭ ለሚያይ ምንም አልተነካም። ሞጆ ላይ ይኼ ነገር ስም አለው፤ ማሸጊያው ደህና፣ ዕቃው የተቀየረ። ሳዶቅ ገብቶ ሽፋኑን ሲገልጥ ጣውላ ያገኛል፤ እንደ ሞተ ሰው ይወድቃል።

ሰሎሞን ያሳድዳል፤ አይደርስባቸውም። ሠረገላዎቻቸው ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይበራሉ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትዕይንት አለ፤ ስለዚህ መጽሐፍ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ ሲነሣ ሰምቼው አላውቅም። ሰሎሞን ያለቅስና ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ይመክራል። ውሳኔው ምን ይሆን? ዝም እንበል ነው። ሌሎች ሕዝቦች እንዳይሳለቁብን ጣውላውን በወርቅ እንለብጠው፣ እንደ ጽዮን እናልብሰው፣ ሥርዓቱ ይቀጥል።

ይኼን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተራመድኩ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የመንግሥት ሥልጣን መሠረት የሆነው መጽሐፍ፣ ሥልጣን በባዶ ሣጥን እንዴት እንደሚቀጥል ቁጭ አድርጎ ያሳየናል። ወረቀቱ ካለ፣ ሽፋኑ ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች ዝም ካሉ ይበቃል። ደራሲው ይኼን ስለ ኢየሩሳሌም ነው የጻፈው፤ ክብሩ ወደ እኛ መጥቷል ለማለት። ግን ትዕይንቱ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማንኛውም ዙፋን ላይ ይሠራል። ክብረ ነገሥትን ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሊሟገትለት የመጣውን ነገር ራሱ እንድንጠይቅ ያደርገናል።

አሁን ወደ ዛጔ። መጽሐፉ ውስጥ ፈለግኋቸው። የሉም። ታሪኩ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካሌብና በልጆቹ ያበቃል። ይኩኖ አምላክም የለበትም። ዛጔ የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ ከታሪኩ ውጭ፣ ተርጓሚው ባስቀመጠው ማስታወሻ ነው። ለፕሮግራመር ይኼ ኮሚት መልእክት ነው፤ ምን ተቀየረ፣ ማን ቀየረው፣ ለምን። ማስታወሻው መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ የተመለሰው በላሊበላ ዘመን ነው ይላል። ወደ ግእዝ ያኔ ያልተተረጎመበትን ምክንያትም ይገምታል፦ ዘመኑ የዛጔ ስለነበረ፣ መጽሐፉ ደግሞ እስራኤላዊ ሳይሆኑ የሚነግሡ ሕግ ተላላፊ ናቸው ስለሚል።

በአጭሩ፣ አንድ ሥርወ መንግሥት ሙሉ የተፈረደበት በግርጌ ማስታወሻ ነው። ሪቻርድ ቢያንስ አምስት ገቢር ያለው ተውኔት ደርሶታል፤ እየዋሸም፣ እየገደለም፣ ብቻውን እያወራም ተመልካቹን ይይዛል። ይትባረክ አንድ መስመር ንግግር የለውም።

«ይኸው፣ የይኩኖ አምላክ ፕሮፓጋንዳ» ብዬ ልዘጋው ስል ግን ማስታወሻው ራሱ ከለከለኝ። ተርጓሚው ይስሐቅ ሥራውን ያሠራውን ሰው ይጠቅሳል፤ የእንደርታው ገዥ ያዕቢከ እግዚእ ነው። ይኼ ሰው ደግሞ በይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ በዓምደ ጽዮን ላይ በማመፅ ነው የሚታወቀው። እስቲ አስቡት! የሸዋና የአማራ ነገሥታት ለዘመናት የተደገፉበት ሰነድ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ከእነሱ ጋር የተጣላ የሰሜን ገዥ ነው። ጭነቱ የተላከው ለአንዱ፣ ያነሣው ሌላው። አዲሱ መንግሥት ሰነዱን አላቃጠለም፤ ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ ራሱን ተካ።

ከዚያ በኋላ ሰነዱ ምን ያህል እንደሠራ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች ልጥቀስ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብራናዎች አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ወደ እንግሊዝ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ምክንያታቸውም ያለ እሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም የሚል ነበር። መጽሐፉም ተመለሰ። ሁለተኛው፣ በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ፣ እንደሚመጣ በአንቀጽ ደነገገ። ታምሪን በግመል ያመጣው ወሬ ሕግ ሆነ። እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ድረስ። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ዛጔ የጠፉት እዚያች ቃል ውስጥ ነው።

ታዲያ ሕገ ወጥ ከሆኑ ለምን ቅዱሳን ሆኑ? ይኼ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ከዛጔ ነገሥታት አራቱን ቤተ ክርስቲያን በቅድስና ታከብራለች። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ማሪ ሎር ዴራ በ2018 ስለ ዛጔ ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ ውስጥ ራሱ ይኼን ቋጠሮ አስገብታዋለች፤ ቅዱስም ቀማኛም የሆነ ሥርወ መንግሥት እንቆቅልሽ ብላ። ገድለ ላሊበላ የተጻፈው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ማለትም የገለበጧቸው ሰዎች ዘሮች በነገሡበት ዘመን። ሲወለድ ንቦች ይከብቡታል፤ ወንድሙ ይጠራጠረዋል፤ መርዝ ይጠጣል፤ ወደ ሰማይ ተነጥቆ አብያተ ክርስቲያናቱን ያያል፤ ሲሠራ መላእክት ያግዙታል።

ገድሉን ሳነብ ደስ ያለኝም የከፋኝም ነገር አለ። ደስ ያለኝ ፍቅሩ ነው፤ ላሊበላን የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። የከፋኝ ግን ንጉሡ ከምድር መነሣቱ ነው። ግብር የሰበሰበው፣ መሬት የሰጠው፣ የተጣላው፣ የተደራደረው ሰውዬ የለም። እውነተኛው ላሊበላ ለገዳማት መሬት ሲሰጥ የጻፋቸው ሰነዶች አሉ፤ በወንጌል ብራናዎች ላይ ተጽፈው ቆይተዋል፤ የሺመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል አንዱ ነው። እዚያ ላይ ያለው ሰው መንግሥት የሚያስተዳድር ንጉሥ ነው። ገድሉ ላይ ያለው ማንንም የማያሰጋ ቅዱስ ነው። መላእክቱ ደግሞ መዶሻና መሮ ይዘው ዓለቱን የጠረቡትን ሰዎች የእጅ ሥራ ተካፈሉባቸው። ድምር ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ክብረ ነገሥት ሥልጣናቸውን ወሰደ፣ ገድሉ ደግሞ በምትኩ ሰማይን ሰጣቸው። አንድን ሰው ከታሪክ ለማውጣት ስሙን ማጥፋት ብቻ አይደለም መንገዱ፤ ማክበርም ይሆናል።

ይኼ ፍርድ ከባድ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አማኝ አንባቢ ገድል እንደ ታሪክ ሊጻፍ አልተነሣም ቢለኝ ልክ ነው። ገድሉን በማያውቀው ሕግ እየዳኘሁት ነው። ግን እኔ የምጠይቀው ገድሉን ሳይሆን እኛን ነው፤ ሌላውን ሰነድ ሳናነብ በገድሉ ብቻ የረካነውን። ዛጔዎች ራሳቸው እንዳልጠፉ ታሪክ ይመሰክራል። በላስታና በዋግ ዘራቸውን ከእነሱ የሚቆጥሩ መኳንንት ቀጠሉ፤ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 ነገሡ። ሦስት ዓመት። ያቺንም በትምህርት ቤት ሲነግሩኝ ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ መካከል ያለች መሸጋገሪያ አድርገው ነው።

አሁን ወደ ሞጆ ልመለስ፤ ይኼን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እዚያ የሠራሁት ጥፋት ነውና።

እኔ ሲስተሙን ከመሥራቴ በፊት ድርጅቱ ኮንቴይነሮቹን የሚከታተለው በአንድ ኤክሴል ፋይል ነበር። ፋይሉን አሥራ አንድ ዓመት የያዙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመዝገብ ሠራተኛ ናቸው። ቢጫ ማለት ዲክላራሲዮን ያልወጣለት፤ ቀይ ማለት ዲመሬጅ የገባ፤ አረንጓዴ የወጣ። መጨረሻ ላይ «ምክንያት» የሚል ኮለም አለ። እዚያ ውስጥ ጋሼ የፈለጉትን ይጽፋሉ፦ «ባለቤቱ ሐዘን ላይ ነው»፣ «ቁጥሩ ጅቡቲ ላይ ተሳስቷል»፣ «ሹፌሩ አዋሽ ተበላሽቶበት»። እኔ ፋይሉን ወደ አዲሱ ሲስተም ሳዛውር ያንን ኮለም ጣልኩት። ነፃ ጽሑፍ ነው፣ አይደመር፣ አይጣራ። የርክክብ ሪፖርቱ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ከዚህ በፊት የተደራጀ ሲስተም አልነበረም።»

ጋሼ ሪፖርቱን አንብበውት ነበር። ሻይ ስንጠጣ በእርጋታ አነሡት።

«ልጄ፣ አልነበረም ነው እንዴ የሚለው?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም ጋሼ፣ እርስዎ የሠሩትን ሳይሆን...»

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማታ ያረፍኩበት ክፍል ገብቼ የክብረ ነገሥትን ማስታወሻ ደግሜ አነበብኩት። እንደ አዲስ የገባኝ ያኔ ነው። ያ ማስታወሻ የፈረደባቸውን ያህል፣ ዛጔዎች በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲቀሩ ያደረገውም እሱ ብቻ ነው። ይስሐቅ ለምን አልተተረጎመም ብሎ ራሱን ስለጠየቀና መልሱን ስለጻፈ፣ እኔ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ አንድ የተከለከለ ነገር፣ አንድ የሚፈራ መንግሥት እንደነበረ አየሁ። የእኔ ሪፖርት ያንን ያህል እንኳ አላስተረፈም። «ሕግ ተላላፊ ነበሩ» የሚል ሰው ቢያንስ «ነበሩ» ብሏል። እኔ ያልኩት «አልነበረም» ነው።

በማግሥቱ ኮለሙን መለስኩት። የአሥራ አንድ ዓመቱን ጽሑፍ እንዳለ፣ ከነፊደል ስሕተቱ አስገባሁት። የሪፖርቱን ዓረፍተ ነገር አጥፍቼ ከዚህ በፊት ማን፣ በምን፣ ከመቼ ጀምሮ ሲሠራበት እንደነበረ ጻፍኩ። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት፤ አንድ ቀን የተሳሳተችውን በእስክሪብቶ አረሙልኝ።

ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ቀለሞቹስ?» አሉ።

ቀለሞቹን ገና አልሠራኋቸውም ነበር።